«እዚህ አይሠራም»፦ የጤና መድን ደብተር የያዙ አረጋውያን ከመስኮት የሚመለሱት ለምንድን ነው?

የመክፈቻው ጽሑፌ

እናቴ 74 ዓመቷ ነው። የምንኖረው ቱሉ ዲምቱ፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ደብተሯን በፌስታል ጠቅልላ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ትይዘዋለች፤ ገንዘቧን እንኳን እንዲህ አትጠብቅም። ባለፈው ሰኞ የደም ግፊት መድኃኒቷ ስላለቀ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ የደረጃውን ብረት እየያዘች ወረደችና ለቤታችን ወደሚቀርበው ጤና ጣቢያ ሄድን። ሁለት ሰዓት ያህል ተሰለፍን። ካርድ ክፍሉ መስኮት ጋ ስንደርስ ቋጠሮውን በጥርሷ ፈታችው፤ ጣቶቿ በሪህ ከተያዙ ወዲህ ቋጠሮ አይፈቱም። ከመስኮቱ ወዲያ ያለው ወጣት ደብተሩን ገልጦ አየ፣ እዚህ አይሠራም አለ፣ መልሶ ሰጣትና ቀጣዩን ባለ ተራ ጠራ። ለምን እንደማይሠራ ሁለት ጊዜ ጠየቅሁት። አልመለሰልኝም። እናቴ ፌስታሉን መልሳ ስትጠቀልል እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር። ከበሩ እንደወጣን የጠየቀችኝ ምን እንዳጠፋች ነው።

መዋጮዋን በየዓመቱ ከፍላለች። ዘንድሮም አሳድሳለች፤ ማኅተሙ አለ። የመንግሥት የጤና መድን እያላቸው አረጋውያን በምን በምን ምክንያት እንደሚመለሱ የምታውቁ ንገሩኝ፣ የደረሰባችሁንም ጻፉ። የጤና ጣቢያም ሆነ የሠራተኛ ስም አልጠራሁም፤ እናንተም አትጥሩ። ምክንያቱን ማወቅ ነው የፈለግሁት እንጂ አንድን ወጣት ማስቀጣት አይደለም።

ይህን በአካባቢያችን ነዋሪዎች የውይይት መድረክ ላይ ማታ ለጥፌ ተኛሁ። በሳምንቱ መጨረሻ ምላሹ 24 ደረሰ። የውይይቱን ክር ከሥሩ ለማንበብ ጊዜ ያጡ ጎረቤቶች ስለጠየቁኝ እያንዳንዱ ምን እንዳለ በየቁጥሩ በራሴ አነጋገር አስቀምጣለሁ።

ምላሽ 1 የመጣው ከገላን ጉራ ነው። ጸሐፊዋ በ2016 ዓ.ም. ከፒያሳ ተነሥተው እዚያ ከሰፈሩት ቤተሰቦች አንዷ ናት። ለእናቴ ምሕረት ከተመኘች በኋላ፣ የአባቷ ደብተር የድሮው ወረዳ ላይ በመቅረቱ ለአንድ ወር የስኳር መድኃኒት ሲሉ ታክሲ እየቀያየሩ መሃል ከተማ ይመላለሱ እንደነበር ተረከች። ሰው ሲነሣ ዕቃው አብሮት ይነሣል፣ ዕድሩንም እንደገና ያቋቁማል፤ የመድን ደብተሩ ግን ባለቤቱ ራሱ ካላዛወረው ባለበት ይቀራል የሚል ነው ነገሯ። ከድሮው ወረዳ መሸኛ እንዳስጽፍ መከረችኝ። እኛም ከሌላ ወረዳ የመጣን ስለሆንን የእኛ ችግር መፍትሔ እዚሁ የመጀመሪያው ምላሽ ላይ ነበር፤ ያኔ ግን አላስተዋልሁትም።

ምላሽ 2 የጡረታ መምህር ናቸው፣ ከየካ አባዶ። አጻጻፋቸው የክፍል ውስጥ ትምህርት ይመስላል፤ በጎ ነገር ነው ያልሁት። መዋጮው የሚሰበሰበው በወረዳ ነው፤ የወረዳው መድን ከጤና ተቋማት ጋር ውል ይገባል፤ ደብተሩም ውል በተገባበት ጤና ጣቢያ ይሠራል። ከጤና ጣቢያ ወደ ሆስፒታል የሚኬደው በሪፈር ወረቀት ነው። ያለ ሪፈር በራሱ ሆስፒታል የሄደ ሰው ከወጪው ከፊሉን፣ አንዳንድ ቦታም ግማሹን፣ ከኪሱ ይከፍላል። ድንገተኛ ሕመም ሲሆን ግን ሪፈር አይጠየቅም። መምህሩ አንድ ነገር ጨመሩ፤ ከዚያ ወዲህ ከአእምሮዬ አልወጣም። መድኑ በ2003 ዓ.ም. ለሙከራ የተጀመረው በትግራይ፣ በአማራ፣ በኦሮሚያና በደቡብ 13 ወረዳዎች ሲሆን አዲስ አበባ የደረሰው ከእነርሱ በኋላ ነው። የገጠር ሰው ከተወለደበት ወረዳ ብዙ ስለማይርቅ መድኑ በወረዳ መታሰሩ አይጎዳውም። የአዲስ አበባ ዳርቻ ነዋሪ ግን ዛሬ እዚህ፣ ነገ እዚያ ነው።

ምላሽ 3 እድሳቱ የዘንድሮ መሆኑን በቀን አስልቼ እንዳረጋግጥ የጠየቀ አጭር ጽሑፍ ነው። ብዙ ሽማግሌዎች የእድሳቱ ወቅት ያልፋቸዋል፣ ያለፈውን የሚያውቁትም ሲታመሙ ነው ይላል። የእናቴ በጊዜው መታደሱን መለስሁለት።

ምላሽ 4 ከሁሉም ረጅሙ ነው፤ እኔም ሦስት ጊዜ አነበብሁት። ጸሐፊው የጤና መድን የክፍያ ሰነዶችን በመመርመር ሥራ ላይ የቆየ ሰው ነው። ሁላችንም የምንረሳውን ነገር አስረዳ፤ ታካሚው በመስኮቱ አይከፍልም እንጂ ሕክምናው በነጻ የተሰጠ አይደለም። ጤና ጣቢያው ወጪውን መዝግቦ ለመድኑ ያቀርብና ገንዘቡን በኋላ ይጠይቃል። መርማሪው ያንን ሰነድ ያገላብጣል፤ የአባልነት ቁጥሩ ትክክል ነው ወይ፣ ደብተሩ ታድሷል ወይ፣ በካርዱ ላይ የተጻፈው ሕመምና የታዘዘው መድኃኒት ይገጥማሉ ወይ፣ ሐኪሙ ፈርሟል ወይ፣ ታካሚው አገልግሎቱን ስለማግኘቱ ፊርማ ወይም የጣት አሻራ አለ ወይ። አንዱ ከጎደለ ሂሳቡ ይቀነሳል፤ ኪሳራውም የጤና ጣቢያው ነው። ስለዚህ መስኮት ላይ ያለው ሠራተኛ አጠራጣሪ ደብተር ሲያይ፣ ተቀብሎ በኋላ ከመጠየቅ መመለስ ይቀለዋል።

ቀጥሎም ይህ ሰው ለምን አረጋውያን ላይ እንደሚበረታ ጻፈ። ወጣት በዓመት አንድ ጊዜ ለጉንፋን ይመጣል። አንድ አረጋዊ ግን ግፊት አለበት፣ ስኳር አለበት፣ ዓይኑ ይደክማል፣ ወገቡን ያመዋል፤ በየወሩ ይመጣል፣ በመጣ ቁጥር አራት አምስት ወረቀት ይጻፍለታል። ወረቀት በበዛ ቁጥር ስሕተቱም ይበዛል። በሁለት መሥሪያ ቤቶች መካከል ያለው የሂሳብ ክርክር እንዲህ እየሆነ ሽማግሌው ላይ ይወድቃል። ይህን ካነበብሁ በኋላ በዚያ ወጣት ላይ የነበረኝ ንዴት ተለወጠ። አልጠፋም፤ ለምን ብዬ ስጠይቀው ዝም ያለኝ አሁንም ያንገበግበኛል።

ምላሽ 5 ላይ ንግግሩ ከረረ። ጸሐፊዋ ጤና ጣቢያ የምትሠራ ነርስ ናት፤ ሁልጊዜ ስለ ሠራተኛ ክፋት ብቻ እንደሚጻፍ፣ ስለ ተገልጋዩ ጥፋት ግን ማንም እንደማይናገር በምሬት ገለጸች። በአንድ ደብተር ጎረቤት ሁሉ ሲታከምበት አይታለች። የሞተ ሰው ደብተር ይዞ የመጣም አጋጥሟታል። ቁጥጥሩ የጠበቀው በዚህ ምክንያት እንደሆነ ጽፋ፣ ከመውቀሳችን በፊት እዚያ ወንበር ላይ አንድ ቀን እንድንውል ጋበዘችን።

ምላሽ 6 ከአያት ጀርባ ከምትኖር ሴት የመጣ ነው፤ ለነርሷ የተሰጠ መልስ ነው፣ ለስላሳ አይደለም። የ80 ዓመት እናቷ በደብተሩ ላይ ያለው ፎቶግራፍ የራሳቸው መሆኑን በሰው ሁሉ ፊት እንዲያስረዱ ተደርገዋል። ፎቶው ሲነሣ ፊታቸው ሙሉ ነበር፤ አሁን በሕመም ከስተዋል፣ አንድ ዓይናቸውንም ሞራ ሸፍኖታል። ሌባውን ለመያዝ ተብሎ እናቷ እንደ ሌባ መታየታቸውን ይቅር እንደማትል ጻፈች። እኔ ነርሷን አልፈርድባትም፣ ያየችውን ነው የጻፈችው። ነገር ግን ሰውን መጠራጠር ካስፈለገ ወንበር ሰጥቶ፣ ድምፅ ዝቅ አድርጎ መጠየቅ ይቻላል።

ምላሽ 7 ስለ ስም ነው፤ አማርኛ ጽፈን የምናድር ሁላችን ልንሰማው ይገባል። የጸሐፊው አባት ስም በመድን ደብተሩ ላይ «ኃይሉ»፣ በመታወቂያው ላይ «ሀይሉ» ተብሎ ተጽፏል። አንድ ስም ነው፣ አንድ ሰው ነው። ኮምፒውተሩ ግን ለየብቻ ያያቸዋል፤ ሰውየውም ሆስፒታል ደርሰው አንድ ሰው ለመሆናቸው ማረጋገጫ እንዲያጽፉ ተመልሰዋል። ፋይዳ ለማውጣት ሲሄዱ ደግሞ አሻራቸው በመሣሪያው አልነበብ አለ፤ 40 ዓመት ሙሉ ድንጋይ ሲጠርቡ የኖሩ ናቸውና የጣታቸው መስመር አልቋል። በዓይናቸውና በፊታቸው ተመዘገቡ። ጸሐፊው ለሁላችን የሰጠው ምክር የወላጆቻችንን ስም በሁሉም ወረቀት ላይ ፊደል በፊደል እንድናስተያይ ነው። ይኸው ሌሊት የእናቴን አስተያየሁ። የአያቴ ስም በአንደኛው ላይ ጎድሏል።

ምላሽ 8 ሱሉልታ የሚኖር ወጣት ነው። ራሱን፣ ሚስቱንና ልጆቹን ሲያስመዘግብ አብራው የምትኖረው እናቱም የተካተተች መስሎት ነበር። መድኑ በዋናነት ቤተሰብ የሚለው አባሉን፣ የትዳር ጓደኛውንና ከ18 ዓመት በታች ያሉ ልጆችን ነው። እናት፣ አባት፣ አክስት በአንድ ጣራ ሥር ቢኖሩም ተጨማሪ መዋጮ ተከፍሎላቸው ካልተመዘገቡ ደብተሩ ላይ የሉም። ይህን ያወቀው እናቱን ታቅፎ ጤና ጣቢያ ከደረሰ በኋላ ነው። ከሥሩ ምላሽ 9 ገብቶ፣ መክፈል የማይችሉ አረጋውያን ራሳቸውን ችለው የድሃ ድሃ ተብለው ሊመለመሉና መዋጮአቸውን መንግሥት ሊሸፍንላቸው እንደሚችል አስታወሰ። ምልመላው ያለፈበት ሰው ዝም ብሎ እንዳይቀር፣ ቤቱን እያሳየ ለወረዳው እንዲያመለክት አሳሰበ።

ምላሽ 10 እና 11 ስለ መድኃኒት ናቸው። ደብተሩ ተቀባይነት አግኝቶ፣ ሐኪሙ አይቶ፣ የግፊቱን አምሎዲፒንና የስኳሩን ሜትፎርሚን አዞ፣ መድኃኒት ቤቱ ውስጥ ሲደረስ የለም ይባላል። ሰውም በራሱ ገንዘብ ከውጭ ገዝቶ ይሄዳል፤ ገንዘቡን ሊያስመልስ ሲመጣ ማስረጃ የለውም። አሥረኛው ጸሐፊ ከዚህ የተማረው፣ መድኃኒቱ እንደሌለ በማዘዣው ላይ አስጽፎና ማኅተም አስመትቶ መውጣትን፣ የገዛበትንም ሕጋዊ ደረሰኝ መያዝን ነው። አሥራ አንደኛዋ ጸሐፊ ደግሞ ጨርሶ የማይሸፈነውን ዘረዘረች፤ መነጽር፣ ሰው ሠራሽ ጥርስ፣ የአካል ንቅለ ተከላ፣ ድንገተኛ ላልሆነ የኩላሊት መድከም የሚደረግ ዳያሊሲስ፣ ማለትም ደምን በመሣሪያ ማጣራት። የአጎቷን ነገር በአንድ መስመር ብቻ ጻፈች፤ ለዳያሊሲሱ ቤታቸውን ሸጠዋል። ከዚያ በኋላ ለብዙ ሰዓት ማንም ምንም አልጻፈም።

ምላሽ 12 ወደ ሌላ አገር ወሰደን። ጸሐፊው ሲ.ኤም.ሲ. አካባቢ ይኖራል፤ አባቱ አሜሪካ ኖረው፣ በዕድሜአቸው ሜዲኬር የሚባለውን የአሜሪካ መንግሥት የጤና መድን አግኝተው፣ በመጨረሻ ለአገራቸው አፈር ብለው ተመልሰዋል። እዚህ ቀዶ ሕክምና ሲደረግላቸው ደረሰኙን ወደዚያ ላከ፤ አይከፈልም ተባለ። እርሱም ከአባቱ ወርኃዊ ገንዘብ ላይ መዋጮው እየተቆረጠ ሕክምናው መከልከሉ ዝርፊያ ነው ብሎ ጻፈ።

ምላሽ 13 ቨርጂኒያ የኖረች፣ አሁን ለቡ የምትኖር ሴት ናት፤ በትሕትና አረመችው። ሜዲኬር እ.ኤ.አ. በ1965 የወጣ፣ በዋናነት 65 ዓመት ለሞላቸው የተዘጋጀ መድን ነው፤ ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ሰዎች የሆነው ሜዲኬይድ ሌላ ነው። ሜዲኬር ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር ከአሜሪካና ከግዛቶቿ ውጪ ለተሰጠ ሕክምና አይከፍልም፤ ይህ ከመጀመሪያው የተጻፈ ሕግ ነው። የሐኪም አገልግሎት የሚሸፍነውን ክፍል መዋጮ ማቋረጥ ይቻላል፤ ነገር ግን አባትየው ኋላ ተመልሰው ልግባ ካሉ በዘገዩበት በእያንዳንዱ ሙሉ 12 ወር 10 በመቶ ሊጨመርባቸው ስለሚችል አስቦ እንዲወስን መከረችው። እዚያም ሰው እንደሚመለስ አልደበቀችም። ክሊኒኩ የሕመሙን መለያ ቁጥር ተሳስቶ ይጽፋል፤ ወይም ሕክምናው አስፈላጊ አይደለም ይባላል። የእርሷ እናት ሆስፒታል ውስጥ ቢያድሩም በክትትል እንጂ በተኝቶ ታካሚነት ስላልተመዘገቡ፣ ለማገገሚያ ማእከል የሚያስፈልገው የ3 ቀን ተኝቶ መታከም አልተቆጠረላቸውም። ነገር ግን እንቢታው በወረቀት ይመጣል። ምክንያቱ ተጽፏል፤ ይግባኝ የሚባልበት የመጨረሻ ቀንም ተጽፏል። ለመጀመሪያው ይግባኝ 120 ቀን አለ፤ የይግባኙ ደረጃም አምስት ነው።

እኔ እዚህ ላይ ቆምሁ። ሌላ አገር ይሻላል ለማለት አይደለም። እናቴን ያስለቀሳት መከልከሏ አልነበረም፤ ለምን እንደተከለከለች ሳታውቅ መመለሷ ነው። አይሠራም የሚለው ቃል ማኅተም የለውም፣ ቀን የለውም፣ የተናገረው ሰው ፊርማ የለውም። ሰው ሊያስተካክለው የሚችለው የተጻፈ ምክንያት ሲሰጠው ነው። በአንድ ቁራጭ ወረቀት ላይ መሸኛ አምጪ ተብሎ ቢጻፍላት ኖሮ እናቴ ምን አጠፋሁ አትልም ነበር። ይህንኑ ክሩ ላይ ጻፍሁ።

ምላሽ 14፣ 15 እና 16 ጠብ ናቸው። አሥራ አራተኛው፣ ዶላር ያላቸው ሰዎች ከእኛ ጋር ምን አገናኛቸው ብሎ የሲ.ኤም.ሲ.ውን ሰው ነካው። አሥራ አምስተኛው ልጆቻቸው ውጭ ሄደው አረጋውያንን ብቻቸውን በየኮንዶሚኒየሙ መተዋቸውን አነሣ። አሥራ ስድስተኛዋ ውጭ የምትሠራ ልጅ ስትሆን፣ የእናቷን መዋጮ ከዓረብ አገር ሌሊት ሠርታ እንደምትልክ፣ እንዲህ ያለ ቃል ደግሞ አጥንት እንደሚሰብር ጻፈች። ይቅርታ እንድንጠያየቅ ለመንሁ። አሥራ አራተኛው ይቅርታ ጠየቀ፤ አሥራ አምስተኛው ዝም አለ።

ምላሽ 17 እና 18 ስለ ውኃ፣ ስለማይሠራ ሊፍትና ስለ መንገዱ አቧራ ናቸው። አስረኛ ፎቅ ላይ ስለምትኖር ሽማግሌ እናት የጻፈው ሰው ግን ከጉዳዩ አልራቀም፤ ለእርሷ ከመስኮቱ መመለስ ማለት ያንን ሁሉ ደረጃ እንደገና መውጣት ነው።

ምላሽ 19 ከሃና ማርያም ነው። አባቱን ባጃጅ ገጭቷቸው እግራቸው ተሰብሮ ሳለ የመድን ደብተራቸው ተቀባይነት አጣ። ምላሽ 20 የሕግ ሰው ይመስላል፤ በመኪና አደጋ የደረሰ ጉዳት በጤና መድን የማይሸፈነው ሌላ ሕግ ስላለው እንደሆነ አብራራ። የተሽከርካሪ አደጋ የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ ቁጥር 799/2005 ስለሚመለከተው፣ የትራፊክ ፖሊስ ሪፖርት ይዞ ወደ ባጃጁ መድን መሄድ ነው መንገዱ። አሥራ ዘጠነኛው ባለ ባጃጁን በሽምግልና ይቅር ብሎ ሪፖርት ሳያስጽፍ መቅረቱን ሲገልጽ እጅግ አዘንሁ። የዋህነቱ ነው ያስከፈለው።

ምላሽ 21 ላይ አንድ ጡረተኛ ስለ ሌላው መድን ጠየቁ፤ ስለ ማኅበራዊ ጤና መድን። አዋጁ፣ ቁጥር 690/2002፣ ከወጣ ብዙ ዓመት ሆኖታል። መምህሩ፣ የምላሽ 2ቱ፣ ተመልሰው መጡና በዕቅዱ ሠራተኛው 3 በመቶ፣ አሠሪው 3 በመቶ፣ ጡረተኛው ደግሞ ከአበሉ 1 በመቶ እንዲያዋጡ የታሰበ እንደሆነ፣ አፈጻጸሙም በተደጋጋሚ ሲዘገይ እንደኖረ በምላሽ 22 ጻፉ። ሁለቱ አዛውንቶች ከዚያ በኋላ ስለ ጡረታ አበልና ስለ ጤፍ ዋጋ ተጨዋወቱ፤ እዚያ ውስጥ አልገባሁም።

ምላሽ 23 የአንድ ዕድር ሊቀ መንበር ናቸው፣ ከቦሌ አራብሳ። በዕድራቸው በየወሩ ለመዋጮ ሲሰበሰቡ ጸሐፊው የአረጋውያን አባላትን ደብተር ያያል፤ የእድሳቱ ወቅት ሲደርስ ሁለት ወጣት መድበው የሁሉንም በአንድ ቀን ያሳድሳሉ። መሸኛ የሚያስፈልገውንም ይሸኙታል። ዕድር ለመቅበር ብቻ መሆኑ እንዳበቃ ነው የጻፉት። ለእኛ ብሎክ ዕድር ሊቀ መንበር ይህን አንብቤላቸዋለሁ፤ በሚቀጥለው እሑድ ስብሰባ ላይ እንዲነሣ ተስማምተዋል።

እኛም ባለፈው ረቡዕ ወደ ድሮው ወረዳ ሄደን መሸኛውን አስጻፍን። የአያቴም ስም ተስተካከለ። አዲሱ ወረዳ እናቴ በራሷ ስም እንደ አንድ ቤተሰብ ተመዝግባ እንደሆነ ወይም በእኔ ሥር እንደሆነ ጠየቀን፤ የሱሉልታውን ወጣት ባላነበብሁ ኖሮ ምን እንደምመልስ አላውቅም ነበር። አርብ ጠዋት ያው መስኮት፣ ያው ወጣት። ቋጠሮውን በጥርሷ ፈታች፣ ደብተሩን አየ፣ ቁጥሩን መዝግቦ ካርድ አወጣላት። የምክንያቶቹ ዝርዝር በመስኮቱ ላይ እንዲለጠፍ ኃላፊዋን ጠይቄአቸዋለሁ። እንደሚለጠፍ ነግረውኛል፤ እስከ ትናንት ግን አላየሁትም።

ምላሽ 24 ትናንት ማታ ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ገባ። አንዲት ልጅ፣ ከጀሞ፣ አያቷን ነገ ጠዋት ይዛ ስለምትሄድ ምን ምን ወረቀት እንደምትይዝ ጠየቀች። የታደሰውን ደብተር፣ መታወቂያውን፣ ከሌላ ወረዳ ከመጡ መሸኛውን፣ ሆስፒታል ከሆነ ደግሞ ሪፈሩን እንድትይዝ ጻፍሁላት። በሁሉም ላይ ያለውን የስም ፊደል ዛሬውኑ እንድታስተያይም ነገርኋት። የምላሽ 5ዋ ነርስ ከእኔ ቀጥላ ገብታ፣ ለአያትየው የሚቀመጡበት ኩርሲ እንድትይዝና ማለዳ 12 ተኩል ላይ በር ላይ እንድትደርስ መከረቻት።